ምዕራፍ 6፦ ምጽዋት የተነፈጋቸው መነኮሳት

ጠቡ የተጀመረው ከመጸዳጃ ቤት ነው። ከዛሬ 2,500 ዓመት ገደማ በፊት በሰሜን ሕንድ ኮሳምቢ በምትባል ከተማ፣ በአንድ ገዳም፣ ሁለት ሊቃውንት መነኮሳት ይኖሩ ነበር። አንዱ የሥርዓት መምህር፣ ሌላው ሰባኪ ነው። ሰባኪው አንድ ቀን መጸዳጃ ቤት ገብቶ ሲወጣ በመታጠቢያው ዕቃ ውስጥ ትንሽ ውኃ አስተርፎ ሄደ። በገዳሙ ሥርዓት ይህ ጥፋት ነው። የሥርዓቱ መምህር አይቶ ነገረው። ሰባኪውም ጥፋት ከሆነ እናዘዛለሁ አለ። መምህሩ፣ ሆን ብለህ ካላደረግኸው ጥፋት የለብህም ብሎ አሰናበተው። ነገሩ እዚያው ላይ ባለቀ ነበር። መምህሩ ግን ደቀ መዛሙርቱ ዘንድ ሲደርስ፣ ያ ሰውዬ ማጥፋቱን እንኳ አያውቅም ብሎ አማው። የእሱ ልጆች ለሰባኪው ልጆች አቀበሉ። ሰባኪው በበኩሉ፣ ያኔ ጥፋት የለም ብሎ ዛሬ ጥፋት አለ ካለማ ውሸታሙ እሱ ነው አለ። ጥቂት ቆይቶ የመምህሩ ወገን ሰባኪውን ከማኅበር አገለለው፣ ገዳሙም ለሁለት ተከፈለ፤ ከመነኮሳቱ አልፎ ምእመኑም ጎራ ለየ። ኋላ የተነሡ ተራኪዎች ሰማይ ያሉት አማልክት ሳይቀሩ ተከፋፈሉ ይላሉ። ይህ ግነት ነው ብሎ የሚስቅ ሰው፣ ስደት ላይ ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ሲከራከር አድሮ አያውቅም ማለት ነው።

ቡድሃ ሊያስታርቃቸው ሄደ። የሄደበት መንገድ ልብ ሊባል ይገባል፤ ለሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ምክር አልሰጠም። ሰባኪውን ከማኅበር ያገለሉትን፣ ሰውን ከማግለላችሁ በፊት የሚመጣውን መከፋፈል መዝኑ አላቸው። የተገለለውን ወገን ደግሞ፣ ለአንድነት ስትሉ ጥፋትን ማመን አይክበዳችሁ አላቸው። እያንዳንዱ ወገን ለሌላው የተነገረውን እንጂ ለራሱ የተነገረውን አልሰማም። በመጨረሻም፣ እርስዎ ዐርፈው ይቀመጡ፣ ጠቡን እኛው እንወጣዋለን ብለው አሰናበቱት። መምህራቸውን ማለት ነው! እሱም ጥሏቸው ጫካ ገባ።

እንግዲህ ማን አስታረቃቸው? የኮሳምቢ ነጋዴና የቤት እመቤት። እነዚያ መነኮሳት ምግብ አያበስሉም፣ አያከማቹም፤ ጠዋት ጠዋት ሳህናቸውን ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ የተሰጣቸውን ይበላሉ። ሕዝቡ ተመካከረና ሲያልፉ አለመነሣት፣ እጅ አለመንሣት፣ ምግብ አለመስጠት ጀመረ። ማንም ድንጋይ አልወረወረም፤ ማንም አልተሳደበም። መነኮሳቱ ቡድሃ ወዳለበት ወደ ሳቫቲ ከተማ ሄደው ታረቁ። የመምህራቸው ስብከት ያላደረገውን የምእመናኑ ዝግ በር አደረገው።

ስለ ቡድሃ ትምህርትና ስለ ፖለቲካ የሚጽፉ ብዙዎች የሚጀምሩት ከአተነፋፈስ ነው፤ ተረጋጋ፣ ዓይንህን ጨፍን፣ ቁጣህን ተመልከት። ክፋት የለውም። እኔ ግን ከኮሳምቢ መጀመርን መረጥሁ፤ ምክንያቱም ስለ ከፋፋይ መሪዎች በዚህ ምዕራፍ የምለው አንድ ነገር ነው። ከፋፋይ መሪ በምጽዋት የሚኖር ሰው ነው፤ ምጽዋቱም ከእኛ ነው።

ይህን ለማየት ከናይሮቢዋ ኢስሊ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባሉ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰፈሯ በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ እንግሊዞች ናይሮቢን በዘር ከፋፍለው ያሰፍሩ በነበረበት ጊዜ፣ በዋናነት ሕንዶች የሰፈሩባት ነበረች። መልኳን የለወጠው 1991 ነው። በጥር የሶማሊያው ዚያድ ባሬ ወደቀ፤ በግንቦት ደግሞ ደርግ ወደቀ። የሁለት አገር ስደተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ አንድ ሰፈር ጎረፈ። ጋሪሳ ሎጅ የሚባለው ማደሪያ ቤት ወደ ገበያነት የተቀየረው በዚያው ዘመን ግድም ነው፤ ሌሊት የሚተኛበት ክፍል ቀን ሱቅ ይሆናል፣ ጨርቁና ሰዓቱ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ይሸጣል። የዛሬዎቹ ባለ ብዙ ፎቅ ሞሎች የዚያ አልጋ ልጆች ናቸው።

ሶማሌው ይበዛል፤ ከእሱ ጋር ኦሮሞው፣ አማራው፣ ትግራዋዩ፣ ኤርትራዊው፣ ኪኩዩውና ሉዎው አሉ። ሁሉም ከቤቱ ሲወጣ ጠቡንም በሻንጣው ይዞ ነው የመጣው። ደርግን ሲያገለግል የነበረው ወታደር፣ ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የሸሸው ተቃዋሚ፣ በኦነግ ስም ሲታሰር የኖረው ገበሬ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጦርነት ያመለጠው ተማሪ፣ በአንድ የመሥሪያ ቤት ሰልፍ ላይ ማንዴታቸውን፣ ማለትም የስደተኛነት ወረቀታቸውን፣ ይዘው ይቆማሉ። ፖሊስ ሲያስቆማቸውም የሚጠይቃቸው አንድ ነው፤ ኪታምቡሊሾ፣ መታወቂያ። መታወቂያ የሌለው ኪቱ ኪዶጎ የሚባለውን ጉቦ ይከፍላል፤ ለፖሊሱ አማራና ኦሮሞ ልዩነት የለውም።

ከዋናው ጎዳና ገባ ብላ ባለች አንዲት እንጀራ ቤት ከሰዓት በኋላ መቀመጥ ነው። ማታቱው፣ ማለትም ሚኒባሱ፣ ውጭ ይጮኻል፤ ውስጥ ሦስት ልጆች ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ፕሮሰስ ጠባቂዎች ናቸው፤ ካናዳ ወይ አውስትራሊያ ትጠራቸዋለች ብለው ዓመታት የቆጠሩ። አንዱ ስልኩን ከውኃ ጠርሙሱ ጋር አስደግፎ የቲክቶክ ላይቭ ይከፍታል። ማያው ለሁለት ተከፍሏል፤ በግራ አንድ ተናጋሪ፣ በቀኝ ሌላ፤ መካከል ላይ ሰዓት ይቆጥራል። ከዋሽንግተን፣ ከጂዳ፣ ከቤሩት የሚላኩ ጽጌረዳዎችና አንበሶች ይወርዳሉ። የአንዱ ወገን ነጥብ ሲወርድ ተናጋሪው ድምፁን ከፍ ያደርግና የሌላውን ብሔር በጅምላ ይሰድባል፤ አንበሳው ያኔ ይመጣል። ከትሪው ዙሪያ የአንዱ እጅ ይቆማል። ቅድም ጎርሰው ያጎረሱት ሰዎች አሁን አይተያዩም። ባለቤቲቱ ድምፁን ቀንሱልኝ ትላለች።

አንበሳው በገንዘብ የሚገዛ ነው። ኩባንያው ከፍ ያለ ድርሻ ቆርጦ ይወስዳል፤ የቀረው የተሳዳቢው ነው። የመነኮሳቱ ሳህን ማለት ይኸው ነው። ምጽዋቱ ደግሞ ብር ብቻ አይደለም። ማየት ምጽዋት ነው፤ ማጋራት ምጽዋት ነው፤ ይባስ ብሎ ተናዶ ገብቶ መሳደብም ምጽዋት ነው፤ ለመርገም የገባውም ለማጨብጨብ የገባውም ቆጣሪው ላይ እኩል አንድ ሰው ነው። ከፋፋዩ ጠላቶቹን እንደ ወዳጆቹ ያህል፣ አንዳንዴም ከወዳጆቹ አብልጦ ይፈልጋቸዋል።

አንድ የተናደደ ብራህማን ቡድሃ ዘንድ መጥቶ የስድብ መዓት አወረደበት ይባላል። ቡድሃ እስኪጨርስ ጠበቀና፣ ቤትህ እንግዳ ይመጣል ወይ ሲል ጠየቀው። ይመጣል። ምግብ ታቀርባለህ? አቀርባለሁ። እንግዳው አልበላም ካለ ምግቡ የማን ይሆናል? የእኔው ነዋ። እንግዲያው ያመጣኸውን ስድብ አልተቀበልሁትም፣ ያንተው ነው አለው። የሀበሻም የሶማሌም ቤት የቀረበን ምግብ እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ስለዚህ ነው ይህች ታሪክ ለእኛ ከበድ የምትለው። የቀረበልንን ስድብ እየበላን ያደግን ነን።

እዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ይታወቃል። ታዲያ ዝም እንበል? ግፍ እያየን ዓይናችንን እንጨፍን? በዚህ ጥያቄ ቡድሃ በገዛ ዘመዱ በኩል ተፈትኗል። ዴቫዳታ የአጎቱ ልጅ ነው፤ ቡድሃ ሲያረጅ፣ ማኅበሩን ለእኔ አስረክበኝ አለው። አልተፈቀደለትም። ከዚያ በኋላ ያደረገው፣ ዛሬ በየአገሩ የምናየው ነው። ከመሪው ይበልጥ ንጹሕ ሆኖ ቀረበ። መነኩሴ ዕድሜ ልኩን ጫካ ይኑር፣ ከዛፍ ሥር ይደር፣ ዓሣና ሥጋ አይቅመስ፣ ግብዣ አይቀበል፣ ጨርቅ ለቅሞ ይልበስ የሚሉ አምስት ጥብቅ ሕጎችን አመጣ። ቡድሃ፣ የፈለገ እንዲያ ይኑር፣ ግዴታ ግን አላደርገውም አለ። ዴቫዳታ የሚፈልገውን አገኘ፤ እዩት፣ ለሃይማኖቱ ከእኔ ያነሰ ተቆርቋሪ ነው ብሎ አወጀ። ድምፅም አሰጠ። ገና አዲስ የመነኮሱ 500 ልጆች ዕጣቸውን አንሥተው ተከተሉት።

ቡድሃ ዝም አላለም። ዴቫዳታ ከእንግዲህ የሚሠራውና የሚናገረው የራሱ እንጂ የማኅበሩ አይደለም የሚል ማስታወቂያ በራጃጋሃ ከተማ እንዲነገር አደረገ። ተናጋሪ ሆኖ የተመረጠው ሳሪፑታ ነበር፤ እሱ ግን ጨነቀው። በዚያችው ከተማ ዴቫዳታን አወድሼው ነበር፣ አሁን እንዴት ልንቀፈው ብሎ ጠየቀ። ቡድሃ የመለሰለት በጥያቄ ነው፤ ያኔ ስታወድሰው እውነት ተናግረህ ነበር? አዎ። አሁንም እንዲሁ እውነቱን ተናገር። በ2010 ዓ.ም. አደባባይ ወጥቶ ያጨበጨበና ኋላ ልቡ የተሰበረ ኢትዮጵያዊ ይህችን ምላሽ ቢይዛት ብዙ መንገብገብ ይቀርለት ነበር። ትናንት ደግ ሥራን ደግ ማለት ዛሬ ክፉን ክፉ ከማለት አያግድም፤ ዛሬ ክፉ ስላየንም የትናንቱን ጭብጨባ በሙሉ ውሸት ነበር ብለን መሐላ መግባት አያስፈልገንም። እኛ ግን የምናውቀው ሁለቱን ጫፎች ነው። ወይ እንሰግዳለን፣ ወይ እንረግማለን።

የተከተሉት 500 ልጆች እንዴት ተመለሱ? ሳሪፑታና ሞጋላና የሚባሉት ሁለቱ ታላላቅ ደቀ መዛሙርት ወደ ዴቫዳታ ሰፈር ሄዱ። ዴቫዳታ ወደ እሱ የዞሩ መስሎት ደስ አለው፤ ደክሞኛልና እናንተ አስተምሩልኝ ብሎ ተኛ። ሲነቃ ሁሉም ሄደዋል። ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ ዋናው ከዚያ የሚቀጥለው ነው። እነዚህን ልጆች እንደገና እናመንኩሳቸው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ቡድሃ አያስፈልግም አለ፤ ጥፋታቸውን ይናዘዙ፣ ይበቃል። የከፋፋዩን ተከታይ ማዋረድ ለከፋፋዩ መልሶ መስጠት እንደሆነ ገብቶታል። መሪውን በአደባባይ ስሙን ጠርቶ አወገዘው፤ ለተከታዮቹ ግን በሩን ክፍት ተወላቸው። በእኛ ዘንድ ተገላቢጦሽ ነው፤ መሪውን ባለሥልጣን ስለሆነ እንፈራዋለን፣ ደጋፊ የሆነውን ጎረቤታችንን ግን ሰላምታ እንነሣዋለን።

በዴቫዳታ ጉዳይ ቡድሃን በጥያቄ ሊያጠምደው የሞከረ ልዑልም ነበር። አብሀያ ይባላል። ዴቫዳታ ላይ የተናገርኸው ቃል አስከፍቶታል፤ አንተ ሰውን የሚያስከፋ ቃል ትናገራለህ ማለት ነው? አለው። ልዑሉ ሕፃን ልጅ ታቅፎ ነበር። ቡድሃ፣ ይህ ልጅ ጠጠር ቢውጥ ምን ታደርጋለህ ሲል ጠየቀው። ጭንቅላቱን ይዤ፣ ደም ቢወጣውም እንኳ በጣቴ አወጣዋለሁ፣ ስለማዝንለት አለ። እውነት የሆነና የሚጠቅም ቃልም ቢያስከፋ እንዲሁ፣ ጊዜውን ጠብቆ ይነገራል። እውነት ያልሆነ፣ ወይም እውነት ሆኖ የማይጠቅም ቃል ግን ቢያስደስትም አይነገርም። ወሬ ወደ ቤተሰብ ግሩፕ ከመላክ በፊት የሚጠየቁ ሦስት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ እውነት ነው? ይጠቅማል? ጊዜው ነው? አብዛኛው የምናጋራው መጀመሪያው ላይ ይወድቃል።

አሁን ኢስሊ ውስጥ ይህን ምዕራፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ቢኖር፣ ከጎኑ ሻይ የሚጠጣው ሙስሊም ጎረቤቱ አንድ ነገር ይጠይቀዋል። ቡዲስቶች? ሮሂንጋዎችን ያባረሩት? ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሸፍኖ ማለፍም ነውር ነው። በማይንማር አሺን ዊራቱ የተባለ መነኩሴ ለዓመታት ሙስሊሞች ላይ ጥላቻ ሰበከ። በነሐሴ 2017 ጦሩ ዘምቶ ከ700,000 በላይ ሮሂንጋ ሙስሊሞች ወደ ባንግላዴሽ ተሰደዱ። ስሪላንካም አለች። ባንዳራናይኬ በ1956 ሲንሃላ ብቻ የመንግሥት ቋንቋ ይሁን በሚል ዘመቻ ሥልጣን ያዘ፤ መነኮሳት ነበሩ ከፊት የቀደሙለት። አናሳዎቹን ታሚሎች ለማባበል ትንሽ ሲያለሳልስ እነዚያው መነኮሳት ዞሩበት። በ1959 የገደለው የቡድሃ መነኩሴ ነው። ቋንቋን ለምርጫ ማገዶ ማድረግ ምን እንደሚያመጣ ማስረዳት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አያስፈልግም።

እንግዲህ ትምህርቱ ከንቱ ነው? ቡድሃ የጠብ ሥር ብሎ ከዘረዘራቸው ስድስት ነገሮች የመጨረሻው በራስ አመለካከት ላይ ተጣብቆ መቅረት ነው፤ ለቡድሃ ትምህርት የተለየ ምሕረት አላደረገለትም። በቬትናም ጦርነት መካከል መነኩሴው ቲች ናት ሀን የመሠረተው ማኅበር የመጀመሪያ ደንቡ፣ የትኛውም ትምህርት፣ የቡድሃም ትምህርት ቢሆን እንኳ፣ እንደ ጣዖት መመለኩን የሚከለክል ነው። ዊራቱ ያጣው ይህን ነው። ካምቦዲያዊው መነኩሴ ማሃ ጎሳናንዳ ደግሞ ቤተሰቡን በክመር ሩዥ አገዛዝ አጥቷል፤ ሆኖም በታይላንድ ድንበር ወዳሉት የስደተኛ ካምፖች ገብቶ ያለቀሱትን ሁሉ አጽናና፤ ከእነሱ መካከል የክመር ሩዥ ሰዎችም ነበሩ። በ1992 ከተመላሽ ስደተኞች ጋር ከድንበሩ እስከ ፕኖም ፔን በእግሩ ተጓዘ። አንድ ሃይማኖት፣ ሁለት መነኮሳት። ልዩነታቸውን መጽሐፋቸው ውስጥ ፈልጎ የሚያገኝ የለም፤ በማን ፊት እንደቆሙ ማየት ይሻላል።

ኢስሊም የራሷ ፈተና ደርሶባታል። ኖቬምበር 18 ቀን 2012፣ እሑድ፣ ሰው የጫነ ማታቱ ላይ ቦምብ ፈነዳ፤ ቢያንስ 7 ሰዎች ሞቱ። በማግሥቱ ወጣቶች ሶማሌ የሚመስለውን ሁሉ ማሳደድ ጀመሩ፤ ሱቅ ተሰበረ፣ ድንጋይ ተወረወረ። ቡድሃ በቀስት የተወጋ ሰው ሁለተኛውን ቀስት ራሱ ላይ እንደሚወረውር አስተምሮ ነበር፤ የመጀመሪያው ሕመሙ ነው፣ ሁለተኛው በሕመሙ ላይ የሚጨምረው ብስጭት። ኢስሊ ላይ ቦምቡ የመጀመሪያው ነበር። ሁለተኛው የጎረቤቱ ድንጋይ ሆነ፤ ቦምብ ያፈነዳው ሰው የሚፈልገውም ይኸንኑ ነው። ሦስተኛውን መንግሥት ጨመረበት። ፖሊስ ለአሥር ሳምንት ያህል ሶማሌና ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን እየደበደበ ገንዘብ ሲቀማ መክረሙን ሂውማን ራይትስ ዎች በ2013 መዝግቦታል። በዲሴምበር 2012 ደግሞ የከተማ ስደተኞች ሁሉ ወደ ካምፕ ይግቡ ተባለ፤ ዳዳብና ካኩማ።

ትዕዛዙን የሻረው ማን ነው? የናይሮቢ የሕግ ድጋፍ ድርጅት ኪቱኦ ቻ ሼሪያ ከስደተኞች ጋር ሆኖ ከሰሰ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጁላይ 26 ቀን 2013 ውድቅ አደረገው። ማንም ሳይሳደብ ጠጠሩ ከጉሮሮ ወጣ። ከመንግሥት ጋር በብርቱ መከራከርና መንግሥትን መጥላት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ትዕግሥትና ጠበቃ ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ግን ስልክ ብቻ ይበቃዋል። ለዚህ ይመስለኛል ሁለተኛው የሚበዛው።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ከሁሉም የሚከብደው። ጠቡ በርትቶ ሁሉም ሁሉን የበደለበት ጊዜ ሲመጣ ምን ይደረጋል? የመነኮሳቱ ሥርዓት ጠብ ማብረጃ ሰባት መንገዶች አሉት፤ ሰባተኛው ሣር ማልበስ ይባላል። እያንዳንዱን በደል ቆፍሮ ማውጣት አዲስ ጠብ የሚያመጣ ሲሆን፣ ሁለቱ ወገኖች በአንድነት ይሰበሰባሉ፤ ከእያንዳንዱ ወገን አንድ ሰው ተነሥቶ ስለ ራሱና ስለ ወገኖቹ ጥፋት ይናዘዛል፤ ቀሪው በሣር ይሸፈናል። ለሽምግልና አገር ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ኬንያም የምታውቀው ነው። በማርች 2018 ያኔ ፕሬዝዳንት የነበረው ኡሁሩ ኬንያታና ተቀናቃኙ ራይላ ኦዲንጋ እጅ ለእጅ ሲጨባበጡ አገሩ ሁሉ ተነፈሰ። በዚያችው በናይሮቢ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2022፣ የትግራዩን ጦርነት ያስቆመውን የፕሪቶሪያ ስምምነት ተከትሎ፣ የፌዴራሉ ጦር አዛዥ ፊልድ ማርሻል ብርሃኑ ጁላና የትግራዩ ጄኔራል ታደሰ ወረደ ማስፈጸሚያውን ፈረሙ። ጥይት መቆሙ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚያናንቀው ልጁን ያላጣ ሰው ነው።

ነገር ግን የሣሩ ሕግ ገደብ አለው፤ ይህን ገደብ የሚያነሣ ሰው አላየሁም። ከባድ ጥፋት በሣር አይሸፈንም። ከምእመናን ጋር የተያያዘ ጥፋትም አይሸፈንም። መነኮሳት እርስ በርስ የተባባሉትን ይቅር ይባባላሉ፤ በሕዝቡ ላይ ያደረሱትን ግን በሕዝቡ ስም ይቅር ማለት አይችሉም። ሁለት መሪዎች ሲጨባበጡ የተማሙት፣ የተሰዳደቡት፣ የተካካዱት የእነሱ ነው። የተቃጠለው ቤት፣ የተደፈረችው ሴት፣ በኢስሊ ጎዳና የተዘረፈው ሱቅ የእነሱ አይደለም፤ የባለቤቱ ነው።

ኬንያ ይህን የሚመረምር የእውነት፣ የፍትሕና የዕርቅ ኮሚሽን ነበራት። በፌብሩዋሪ 1984 በዋጂር አቅራቢያ ዋጋላ በተባለ የአውሮፕላን ማረፊያ የመንግሥት ጦር ሰብስቦ የፈጃቸውን የሶማሌ ወንዶች ጉዳይ ሳይቀር መርምሯል፤ የዋጂር ልጆች ዛሬ ኢስሊ ይነግዳሉ። ሪፖርቱ በሜይ 2013 ለፕሬዝዳንቱ ተሰጠ። ዓመታት ቢያልፉም ፓርላማው ተወያይቶ አላጸደቀውም።